ጣና ዳር አድገን ጀልባ ላይ ያልወጣን ስንት ነን?

ሐይቁን የማናውቅ እኛ የሚል አርእስት ያለው የኢንተርኔት መድረክ ውይይት፣ ክሩ፣ የተከፈተው እሁድ ሌሊት ነው። ከፋቹ የኛው ልጅ ነው። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያደገ፣ ፖሊ ቴክኒክ የተማረ፣ አሁን ቤልጅየም ማስተርሱን የሚሠራ። መድረኩ ላይ በቅጽል ስም ስለሚጽፍ እኔም ተማሪው ብዬ ልለፈው። ከክፍሉ ልጆች ጋር ቅዳሜና እሁድን ብሩዥ በምትባል ከተማ አሳልፎ፣ ማደሪያው እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ የጻፈው ይመስላል። ረጅም ነው። አራት ነጥብ የሚባል ነገር አያውቅም። ግን አንዴ ከጀመሩት አይለቅም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። 19 ሆነው በባቡር ሄዱ። ከተማዋን ውሃ እንደ መቀነት ይዞራታል፤ መሀሏንም ቦይ ይሰነጥቃታል። ቤቶቹ እግራቸውን ውሃ ውስጥ የነከሩ ይመስላሉ። ክፍት ጀልባ ላይ ተሳፈሩ። ጉዞው ግማሽ ሰዓት ነው፣ በቃ። ነጂው በአንድ እጁ መሪ ይዞ ቋንቋ እያቀያየረ ያስረዳል። ድልድዮቹ ዝቅ ያሉ ናቸውና በየደረሱበት ጎንበስ በሉ ይላል፤ 19ኙም እንደ ቅዳሴ አብረው ይሰግዳሉ። አጠገቡ የተቀመጠች ልጅ አገርህ ውሃ አለ ወይ አለችው። ኮራ ብሎ ስልኩን አውጥቶ የጣናን ፎቶ አሳያት። ስንት ደሴት አለው አለች። 37 አላት። አንተስ ስንቱን አየህ አለች። ልጁ የተሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ዜሮ። 24 ዓመት ሙሉ ጣናን እያየ ነው ያደገው፤ ከዳር።

ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ ባሕር ዳር አድጋችሁ አንድም ገዳም ያልረገጣችሁ ስንት ናችሁ? ሁለተኛ፣ ለክረምት እመጣለሁ፤ የድሮ የክፍል ልጆችን ሰብስቤ ቅዳሜና እሁድን ውሃ ላይ ማሳለፍ እፈልጋለሁ፤ እንዴት ነው የሚደረገው? እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ክሩ በአሥር መልስ ይዘጋ ነበር። እሱ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ። እነሱ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ሞልተው ዓለምን ይጠራሉ፤ እኛ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሐይቅ በነጻ ተሰጥቶን አጥር አጠርንበት አለ። እሳቱን የጫረው ይህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መልሶች የንስሐ ይመስሉ ነበር። 1ኛዋ መላሽ ጊዮርጊስ አካባቢ የተወለደች የ31 ዓመት ሴት ናት። ሐይቁ ላይ የወጣችው አንድ ቀን ብቻ፣ ለሠርጓ ቪዲዮ ነው። ጀልባው 20 ሜትር ያህል ሄዶ፣ ካሜራማኑ በቃ ሲል ተመለሰ። ቬሎዋ ረጥቦ እንደነበርም አልረሳችም። 2ኛው እኔም ብቻ ብሎ አለፈ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት መቼ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ 3ኛው መልስ ላይ መጣ። ዘገየ ባይ ነኝ።

4ኛው ነገሩን ወደ ገንዘብ አወረደው። ጀልባ የሚከራየው በሰው አይደለም፣ በሙሉ ነው አለ። ብቻህን ከሄድክ የአሥር ሰው ትከፍላለህ። ስለዚህ የባሕር ዳር ቤተሰብ እሁድ ሲመጣ ዳር ላይ ተቀምጦ አሳውን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ሻላዎቹን አይቶ ይመለሳል። ይህ ደግሞ ኃጢአት አይደለም አለ። ልክ ነው። የኛም ቤት እሁድ እንደዚያ ነበረች። 5ኛው የብሩዥ ቸኮሌት ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። እስከ መጨረሻው የመለሰለት የለም።

6ኛው መልስ የመምህር ነው። ታሪክ አስተማሪ እንደሆኑ ቀድመው ተናገሩ። በጣም በጨዋ ቋንቋ ልጁን አረሙት። ብሩዥ ጉድጓድ ቆፍራ ውሃ የሞላች ከተማ አይደለችም። መሠረቷ ሬይ የሚባል ወንዝ ነው። ባሕሩ ወደ ውስጥ የሚገባበት ዝዊን የሚሉት ሰርጥ ነበረ፤ በዚያ በኩል መርከብ ይመጣላታል። የእንግሊዝ ሱፍ ገብቶ ጨርቅ ሆኖ ይወጣል። በመካከለኛው ዘመን ከሰሜን አውሮፓ ትልልቅ የንግድ ከተሞች አንዷ ነበረች። በኋላ ሰርጡን ደለልና አሸዋ ሞላው። መርከቡ ቀረ። ነጋዴው ጓዙን ጠቅልሎ አንትወርፕ ገባ። ከተማዋ ደኸየች። አፍርሶ የሚሠራ ገንዘብ ስላልነበራት የድሮ ቤቶቿ ቆሙ። ዛሬ የሚጎበኘው ያ ነው፤ ዩኔስኮም መሀል ከተማዋን በ2000 እ.ኤ.አ. መዘገበላት። ቱሪስት ለማምጣት የተቆፈረ ሳይሆን ድህነት ያቆየው ነው አሉ። ከ49ኙ መልስ አንዱን አስቀር ቢሉኝ ይህን አስቀር ነበር።

ተማሪው 7ኛ ላይ ተመለሰ። አመሰገናቸው፣ ይቅርታም ጠየቀ። ግን ወጣት ነውና ዝም ብሎ አልሄደም። 83 ሜትር የሚረዝመውን የደወል ማማ 366 ደረጃ ቆጥሮ መውጣቱን ነገረን። አንድ የመካከለኛው ዘመን ድልድይ ላይ የተነሣውን ፎቶም ለጠፈ። ሙሽራ ይመስል አጥሩን ተደግፎ።

ያን ፎቶ ባይለጥፍ ይሻለው ነበር። 8ኛው መላሽ ድልድዩን አወቀው። ቦኒፋሲየስ ይባላል፣ ያረጀ ይመስላል እንጂ የተሠራው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው አለ። ጥንታዊ ድልድይ ካማረህ ጢስ ዓባይ ውረድ፤ የዓላታ ድልድይ ከ1626 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ቆሟል፤ አንተ 24 ዓመት ሙሉ 30 ኪሎ ሜትር መሄድ አቅቶህ ነው እንጂ። የክሩ ድምፅ ከዚህ ጀምሮ ተቀየረ።

ከ9 እስከ 13 ያለው የድልድይ ጦርነት ነው። አንዱ ፖርቹጋሎች የሠሩትን ድልድይ ምን ያስኮራሃል አለ። ሌላው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በንጉሡ ትእዛዝ የተሠራ ነው፤ የፖርቹጋል ድልድይ የሚለው ስም ነው የቀረው ብሎ መለሰ። ከዚያ ተሰዳደቡ። እሱን ልዝለለው። ከመሀል አንዱ ብቻ የሚጠቅም ነገር ጻፈ። ጢስ ዓባይን በግንቦት አትሂዱ አለ። ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ነው፤ ግን ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ የጨረጨራ መዝጊያ ይቆጣጠረዋል። ከፊሉ ወደ ኃይል ማመንጫ ይሄዳል። ከበለስ ኃይል ማመንጫ በኋላ ደግሞ ሌላ የውሃ መውጫ መጣ። በበጋ ሄዶ ክር የምታክል ውሃ አይቶ የሚመለስ እንግዳ ብዙ ነው። ነሐሴና መስከረም ሂዱ፣ ያኔ ስሙን ታገኙታላችሁ አለ። ጢሱን ማለቱ ነው።

14ኛው መላሽ ዝም ብሎ ሲያነብ ቆይቶ የመጣ ይመስለኛል። ወደ መምህሩ መልስ ተመለሰ። ብሩዥን ያስተኛት ደለል ነው ካላችሁ፣ እኛስ አለ። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ፤ አራቱም በክረምት ቀይ ሆነው ነው ጣና የሚገቡት። የፎገራና የደምቢያ ገበሬ አፈር ነው ያ ቀለም። ደግሞም ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ የሚሉት አረም ተጨመረ። እሱ በሥራው ምክንያት ሰሜን ምሥራቁን ዳር በየዓመቱ ያየዋል፤ አረንጓዴ ምንጣፍ የተነጠፈ ነው የሚመስል፣ ከብት ሣር መስሎት ይገባበታል አለ።

15ኛውና 16ኛው 14 ሜትር የሚለውን ማመን አቃታቸው። እኔም መጀመሪያ ስሰማው አላመንኩም ነበር። አያቴ ጣና ታች የለውም ነበር የምትለን። ዳር ላይ ስንጫወት የምታስፈራራን በዚህ ነው። 14 ሜትር ማለት አራት ፎቅ ቤት ነው። አያቴ ከዚያ በላይ ታስፈራ ነበር።

17ኛው መልስ የኔ ነው። ለምክር ብዬ ገብቼ የራሴን ጉድ አውጥቼ ተመለስኩ። ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ሁለተኛ ዓመት ሳለን ለክፍል ጉዞ አዋጥተን ዘጌ ሄድን። ጀልባውን ያገናኘን ሰው፣ ማን እንደሆነ ይቅርና፣ 12 ሰው የሚይዝ ጀልባ ላይ 20ችንን ጫነን። ላይፍ ጃኬቱን የቆጠረ የለም። እንደ መቀመጫ ነበር የተጠቀምንበት፤ አግዳሚው እንጨት ስለሚቆረቁር። ሲሄድ ጣና መስታወት ነው። እየዘፈንን ደረስን። ገዳሙን አየን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ቡና ገዛን፣ ሰዓት ረሳን። የተመለስነው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው።

ጣናን ከሰዓት በኋላ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነፋሱ ይነሣል። ውሃው ቀለሙ ይለወጥና ጀልባውን ከሥር በጡጫ መምታት ይጀምራል። መሀል ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለና ዝም አለ። ነዳጅ አልቋል። ባለጀልባው ጄሪካን አወጣ። መቅጃ ግን የለውም። ከአንዷ ልጅ እጅ ሃይላንዷን ተቀብሎ፣ የቀረውን ውሃ ደፍቶ፣ ቂጡን በቢላዋ ቆረጠና አፉን ታንከሩ ውስጥ ሰካው። ጀልባው በተወዛወዘ ቁጥር ግማሹ ቤንዚን ታንከሩ ውስጥ፣ ግማሹ ቁርጭምጭሚታችን ላይ። ስንዘፍን የመጣን ልጆች መዝሙር ጀመርን። ክፍል ውስጥ ቀንደኛ ተከራካሪ የነበረው ልጅ ሁሉንም ቅዱሳን በስም ጠራ። ደህና ገባን። ቡናዬ ግን እስኪያልቅ ድረስ ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር።

18 እና 19 ሳቁብኝ። ይገባኛል።

20ኛው ጀልባ ነጂ ነው። ቅር ብሎት ነው የጻፈው፤ ግን ቅሬታውን በሥርዓት አቀረበ። አንዱ ባጠፋ ሁላችንንም አትውቀሱ አለ። ከዚያ ለተማሪው ጥያቄ የመጀመሪያውን ትክክለኛ መልስ ሰጠ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሡ። ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን መጀመሪያ እዩ፣ ከዚያ አዝዋ ማርያምን። ክብራንና እንጦስ ደሴቶች በመመለሻችሁ ናቸው። ከቀትር በፊት ከተማ ግቡ። ዋጋ ስትነጋገሩ የመጠበቂያ ሰዓቱንም ተነጋገሩ፤ ጠብ የሚነሣው ሁሌም እሱ ላይ ነው። የገዳማቱ መግቢያ ለየብቻ ነው፣ ጀልባው ውስጥ አይካተትም። ጃኬቱን ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት ቁጠሩ፤ አትቀመጡበት። የመጨረሻዋ ለኔ ናት።

21ኛዋ ቀኑን አስተካከለች። ተማሪው ነሐሴ ብሎ ነበር። ነሐሴ እስከ 16 ፍልሰታ ነው፤ ገዳማቱ ሱባኤ በያዘ ሰው ይሞላሉ፣ እናንተ ደግሞ የምትሄዱት ለሽርሽር ነው አለች። በዚያ ላይ የዘጌ መንገድ በክረምት ጭቃው አይጣል ነው። እንቁጣጣሽ ይለፍና ያለው ቅዳሜ ይሁን አለች። ዝናቡ ይቀንሳል፣ አደይ ይወጣል፣ ጢስ ዓባይም ገና ሙሉ ነው። ይህ ሐሳብ ያለ ተቃውሞ አለፈ። ብቸኛው ነው።

22ኛዋ የድሮ የክፍሉ ልጅ ናት፤ ስም ዝርዝር ውስጥ እገባለሁ ብላ ጀመረች። ከክፍላችን ግማሹ ሴት ነን፤ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ታዲያ ለምን ዕቅዱ ውስጥ ይገባል? ስትል ጠየቀች። 23ኛው የገዳም ሥርዓት ለሽርሽረኛ ሲባል አይቀየርም ብሎ ተቆጣ። እሷ ይቀየር መቼ አልኩ አለች። ወንዶቹ ውስጥ ሆነው እኛ ጀልባ ላይ አንድ ሰዓት ፀሐይ አንሞቅም ነው ያልኩት፤ ያዋጣነው እኩል ነው። 25ኛው ሴቶቹ አሳ ጥብሳቸውን እየበሉ ይጠብቁ የሚል ነገር ጻፈ። ከዚህ የባሰም ጨምሮ ነበር መሰለኝ፣ አስተዳዳሪው ግማሹን አጥፍቶታል። 26 እሱው አስተዳዳሪው ነው፤ ማስጠንቀቂያ ሰጠ።

ነገሩን ያበረዱት 27ኛዋ ናቸው። ትልቅ ሴት እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ሁሉንም ልጆቼ ይላሉ። እንጦስ ኢየሱስ ከክብራን ፊት ለፊት ነው፣ ሴትም ወንድም ይገባል፣ እዚያ ውረዱ አሉ። የዑራ ሥዕልም ለሁሉም ክፍት ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ ግን እንደ ክብራን ነው። የነአፄ ዘርአ ያዕቆብና የነአፄ ፋሲል አፅም ያረፈው እዚያ ነው፤ እሳቸው 60 ዓመት ሙሉ ከሩቅ ነው የተሳለሙት። በዚህ ቅር ብሏቸው እንደማያውቅ ጻፉ። ደቅ ደሴት ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው ደግሞ ሴት ናት፣ እቴጌ ምንትዋብ፤ ጊዜ ካላችሁ እሱን እዩ፣ ብቻ ሩቅ ስለሆነ ለብቻው ቀን ይፈልጋል አሉ። 22ኛዋ እግዜር ይስጥልኝ እናቴ ብላ ወጣች። 23ኛው ድምፁ አልተሰማም።

28 እና 29 ስለ ደብረ ማርያም ናቸው። ገንዘብ ያጠረው ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደብረ ማርያም ይሂድ፣ ቅርብ ነው፣ ነዋሪው በታንኳ ሲመላለስ ይውላል አሉ። ታንኳ የሚለው ቃል 30ኛውን ጠራው።

ይህ ሰው የታንኳ ሠሪ ልጅ ነው። አባቱ ነገደ ወይጦ ናቸው፤ እሱ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ሁላችሁም ስለ ብሩዥ ጀልባ ስታወሩ አነበብኩ ብሎ ጀመረና አባቱ እንዴት እንደሚሠሩ ጻፈ። ታንኳው የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገሉ፣ እርጥቡን ይታጨዳል። ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ በደንብ ካልደረቀ ታንኳው ቶሎ ይሰምጣል፣ ከመጠን በላይ ከደረቀ ሲታጠፍ ይሰበራል። አባቱ አንዱን ዘንግ አንሥተው ጆሮአቸው ሥር ያጥፉታል። ድምፁን ሰምተው ነው ደረሰ የሚሉት። ከዚያ በእቅፍ በእቅፍ እየተያዘ፣ በጉልበት እየተረገጠ ይታሰራል። አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ውስጡ ሌላ ደንገል ይነጠፋል፤ ሰውና ጭነት የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ታንኳ ውሃ ያስገባል፤ ግን አይገለበጥም። ከወራት በኋላ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ያኔ ዳር ይጣልና ሌላ ይሠራል። ማገዶ እንኳ አይሆንም አለ።

መጨረሻ ላይ ብቻ መረር አለ። ሰፈራችን ከሐይቁ ዳር እየተገፋ እየተገፋ፣ አባቴ አሁን ደንገል ፍለጋ ሩቅ ነው የሚሄደው አለ። ሐይቁን የማናውቅ እኛ የሚለውን አርእስት ስታነቡ፣ ሐይቁን የሚያውቁትን ማን እንደጠየቃቸው አስቡ ብሎ አቆመ። እዚህ መልስ ሥር ልብ የጫነው ሰው ከሁሉም ይበልጣል። መልስ የጻፈለት ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም የባጃጅ ታሪፍ ጨመረ እንዴ ብሎ።

ከ31 እስከ 35 አጥሩ ተመልሶ መጣ። አንዱ የሐይቁ ዳር በሆቴልና በግቢ ስለተያዘ ሻይ ካልገዛህ ውሃ አታይም አለ። ሌላው ውሸት ነው፣ በነጻ የሚገባበት አለ ብሎ ቦታ ዘረዘረ። ሦስተኛው ተማሪውን ያዘው። ገና አውሮፕላን ላይ ወጥተህ ሳትወርድ አገርህን ታንቋሽሻለህ፣ ዳያስፖራ ሆንክብን አለው። ተማሪውም ደከመው መሰል ተናደደ። የወጣሁት ስምንት ወር ነው፤ ያንቋሸሽኩት ራሴን ነው፤ ማንበብ ካልቻልክ ያንብቡልህ አለ። በኋላ ይህን አጠፋው። ግን አይተነዋል።

ከዚያ ክሩ መንገዱን ሳተ፤ ደግ አደረገ። አንዱ ብሩዥ ፈረንሳይኛ ነው፣ የአገሬው ሰው ብሩኸ ነው የሚላት ብሎ አረመ። ሌላው ታዲያ ብሩክ በሉዋ፣ ስሟ የኛ ነው አለ። አሥር ሰው ሳቀ። አንዱ ቦይ ካማራችሁ መራዊ ሂዱ፣ ቆጋ 7,000 ሄክታር የሚያጠጣ ቦይ አለ፣ ስንዴው መሀል ታንኳ ታስገባላችሁ አለ። አንዷ የዘጌ ሰው ለምን አያርስም ብላ ጠየቀች። ቡናው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር የበቀለ ስለሆነ ምድሩ ማረሻ አይነካውም የሚለውን ትውፊት ነገሯት። ይኸው ትውፊት ነው ጫካውን እስካሁን ያቆመው የሚል ተጨመረ። ቀጥሎ ከአሳ ቀረሶ ይሻላል አምባዛ የሚል ክርክር መጣ። እኔ ቀረሶ ነኝ። ለመወያየትም ዝግጁ አይደለሁም።

41ኛው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፔዳ አካዳሚ በነበረበት ጊዜ የተማሩ። ያኔ እኛ ጉዞ ስንል ጣና ነሽ የምትባለው መርከብ ናት አሉ። እሁድ ጠዋት ከባሕር ዳር ትነሣለች፣ ማታ ቁንዝላ ታድራለች፣ ሰኞ ጎርጎራ ትገባለች። ፍየልም፣ ካህንም፣ ጤፍም፣ ተማሪም አብሮ ነው የሚሳፈረው። ሰኞ ከክፍል ስለቀሩ ዲኑ ፊት ቀርበው ነበር። የቅጣቱን ዓይነት ረስተውታል። ቁንዝላ ላይ ሌሊቱን ጣሪያው ላይ ተኝተው ያዩትን ኮከብ ግን አልረሱም። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ብላችሁ አትጣበቡ፣ ሰኞን አስቀሩ አሏቸው። አስተማሪዎች አንብበው ከሆነ እንጃ።

ከ42 እስከ 46 ስም መመዝገቢያ ሆነ። 11 ሰው ሞላ። የ20ኛው ጀልባ ነጂ ጀልባው 12 ትይዛለች ብሎ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ አለ። 12ኛው ማን ይሁን ሲባል 22ኛዋ የታንኳ ሠሪውን ልጅ ጠራችው። መዋጮ ሳይከፍል ይምጣ አለች። እሱ እከፍላለሁ አለ። እከፍላለሁ፣ አትከፍልም ትንሽ ቆየ።

ክሩ አለቀ ብዬ ስልኬን ላስቀምጥ ስል 47ኛው መጣ። የተማሪው ታላቅ እህት ናት። መድረኩ ላይ እንዳለች እሱም አላወቀም። ገና ከመጀመሪያው ማሙሽ ብላ በቤት ስሙ ጠራችው፤ የቅጽል ስሙ ነገር እዚያው አበቃ። አንተ ውሸታም፣ ሄደሃል እኮ አለችው። ሦስት ዓመትህ ነበር። ስትወለድ ታመህ ስለነበር እማዬ ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ ተስላ ነበር፤ ስለቱን ልታደርስ ስትሄድ ይዛህ ሄደች፤ እኔም ነበርኩ። ስንሄድ እስክንደርስ አስታወክብኝ፣ ቀሚሴ ላይ። ስንመለስ ተኛህ።

48 ላይ ተማሪው ፎቶ አለ ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀ። አራት ነጥብ ሳይቀር አድርጎበታል።

49፦ አለ አለችው። እማዬ ጀልባው ጫፍ ላይ ጃንጥላውን ይዛ፣ አንተ ጀርባዋ ላይ ጋቢ ውስጥ፤ የሚታየው አንድ እግርህ ነው።

ጠዋት ክሩን ስከፍተው የመጀመሪያው ጽሑፍ ታርሟል። ዜሮ የነበረው 1 ሆኗል። በቅንፍ ተኝቶ እንደነበር ጨምሮበታል።